በደቦው ቀን የጠራኋት አይሮፕላን

እኔ ስለ አይሮፕላን ሳወራ ዝም ብላችሁ ስሙኝ። ከዳባት እስከ ደባርቅ ባለው አገር እንደ እኔ ሰማይ ያየ ሰው የለም። አለሁ የሚል ካለ ይምጣና አንገታችንን እንለካካ። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩትም በሱ ነው ማለት ይቻላል። በመስኮት ሰማይ ሰማይ ሳይ መምህሩ፣ "ሰሌዳው እዚህ ነው ያለው፣ እዚያ ላይ ማን ጽፎልህ ነው?" እያለ ጠመኔ ይወረውርብኝ ነበር። ተጽፎልኝ ነበር እኮ! ነጭ መስመር፣ ከዳር እስከ ዳር። የመምህሩ መስመር እንደዚያ ቀጥ ብሎ አያውቅም።

ቤታችን ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲኬድ ከአስፋልቱ በስተቀኝ፣ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ገባ ብሎ፣ ጉብታ ላይ ነው። ከጓሮው ቆመህ ስታይ በአንድ ወገን የስሜን ተራራ ጥርሱን አግጥጦብሃል፣ በሌላው ወገን እስከ ኮሶዬ ድረስ ሰማዩ ክፍት ነው። ጓሮው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ጎመን፣ አጥሩ ሥር ደግሞ ጌሾ አለ። ለአይሮፕላን ማያ ከዚህ የተሻለ ቦታ እግዜር አልሠራም።

ልጆች ሆነን እኩለ ቀን ላይ አንዲት ታልፍ ነበር። በጣም ከፍ ብላ፣ የጤፍ ፍሬ አክላ፣ ነጩን መስመር ከኋላዋ እየጎተተች። ድምጿ የሚመጣው እሷ ካለፈች በኋላ ነው። ይሄን ማንም ሳይነግረኝ ነው ያወቅሁት። እኔና የጎረቤት ልጆች የድንቹ መደብ ላይ ተሰልፈን፣ "አይሮፕላን፣ ከረሜላ ጣዪልን!" እያልን እንጮሃለን። እናቴ ከቤት ትወጣና፣ "ድንቹን ጨረሳችሁት እኮ! እሷ ታበላችሁ እንደሁ እናያለን!" ትላለች። ልጆቹ ነጩ መስመር ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁኝ፣ "ውስጥ ወጥ የሚሠሩበት ጭስ ነው፣ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ እየበሉ ነው የሚሄዱት" አልኳቸው። አመኑኝ። አንደኛው አሁን አግብቶ ወልዶ ያንኑ ለልጁ ሲነግር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ስናገር ሰው ያምነኛል፤ ተሰጥኦ ነው። እንዲህ ያለ ተሰጥኦ ለጠላቴ ይስጠው።

አባቴ ሲሞት ያስቀረልን አንድ ጥማድ ተኩል መሬት፣ አንድ በሬና አንዲት በቅሎ ነው። መሬቱን በመቀናጆ እናርሰው ነበር፤ የኛን አንድ በሬ ከጎረቤታችን አንድ በሬ ጋር አጣምረን፣ አንድ ቀን ለኛ፣ አንድ ቀን ለሱ። በቅሎዋን ግን እኔ ይዤ ደባርቅ ወጣሁ። ቱሪስት ተራራ ሲወጣ ድንኳኑን፣ ምግቡን፣ ያን ሁሉ ጓዙን የምንጭንለት እኛ ነን። ያን ጊዜ አይሮፕላን ማለት እንጀራ ነበር። ጠዋት አንዷ በጎንደር በኩል ዝቅ ስትል ካየሁ፣ "ከነገ ወዲያ ፈረንጅ ይገባል፣ በቅሎ አብሉ!" እላለሁ። አንድ ሦስት ጊዜ ልክ ወጣ። ያልወጣውን ማን ይቆጥራል? ባለበቅሎዎቹ፣ "ጋይዶቹ ስልክ አላቸው፣ እኛ አንተ አለኸን" ይሉኝ ነበር። በዚህ ስኮራ ብታዩኝ፣ አይሮፕላኗን የሠራኋት ነበር የምመስለው።

ከዚያ ጦርነት መጣ፣ ቱሪስት ቀረ። በቅሎዋ ቆማ መብላት ስታበዛ ወደ ቆላ ተሸጠች። እኔም ወደ ጓሮዬ ተመለስኩ። አንዱ ጦርነት አለቀ ሲባል ሌላው ጀመረ። እሱን ለሚያውቁት ልተወው፤ እኔ የማወራው ስለ ሰማይ ነው።

ሰማይ ላይ ሌላ ዓይነት መጣች። ነጭ መስመር የላትም። አታልፍም፣ ትዞራለች። ድምጿ ከሩቅ የሚሰማ የእህል ወፍጮ ይመስላል፣ ልዩነቱ ወፍጮ ነዳጅ ሲያልቅበት ያርፋል። ድሮን ትባላለች። ለሕፃኑም ለሽማግሌውም ስሟን ማስተማር አላስፈለገም። እኛ መንደር ምንም አልጣለችም። እኛ መንደር የወደቀው ወሬው ነው። እዚያ ማዶ ሰው ተሰብስቦ ሳለ እንዲህ ሆነ አሉ፣ እንዲያ ሆነ አሉ። ሄዶ ያየ የለም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያዘ፤ በብዛት አንድ ቦታ መታየት የለም።

የኛን አገር ለማያውቅ ይሄ ቀላል ነገር ሊመስለው ይችላል። እኛ እኮ ብቻችንን የምንሠራው ነገር የለንም። ሰርግም፣ ለቅሶም፣ ማኅበርም፣ አጨዳም በሰው ነው። አሁን ለቅሶ ሦስት ሦስት እየሆኑ መድረስ ተጀመረ፤ ሟቹ ራሱ "ይሄን ያህል ነው የምትወዱኝ?" የሚል ይመስለኛል። ካህኑ ጥላቸውን ሳይዘረጉ ፍትሐት ማድረስ ያዙ። ያ በሬ የምንቀናጀው ጎረቤታችን ደግሞ ቆርቆሮው እንዳያብለጨልጭ ብሎ ጣሪያውን በገብስ ጭድ ሸፈነው። አህያዋ ቤቱን ልትበላው ሁለት ቀን ስትዞረው ሰነበተች።

እኔ ታዲያ በዚህ ሁሉ መሀል ትልቅ ሰው ሆንኩ። አንድ ነገር ከላይ በተሰማ ቁጥር ሰው ወደ እኔ ያያል። "አንተ፣ ይቺ የቷ ናት?" አንድ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ጆሮዬን ወደ ስሜን አዞራለሁ፣ ትንሽ አስጠብቃቸዋለሁ። ቶሎ መመለስ ዋጋ ያሳጣል። ከዚያ፣ "መንገደኛ ናት። ብሉ፣ ጠጡ" እላለሁ። ካህኑ ሳይቀሩ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ቆም ብለው፣ "ልጄ፣ ይቺ ደግሞ የቷ ናት?" ይሉኛል። "መንገደኛ ናት አባ፣ አንቱ አይስጉ" ስላቸው፣ "ይባርክህ፣ ጆሮህን ይጠብቅልህ" ብለው በመስቀላቸው ይባርኩኛል። ለቅሶ ሲኖር ጉብታው ላይ ቆሜ የማዳምጠው እኔ፣ ንፍሮው ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰጠውም ለኔ። ሽማግሌዎቹ በሚቀመጡበት ድንጋይ ላይ በዚህ ዕድሜዬ መቀመጫ አገኘሁ። አራተኛ ክፍል ጨርሶ ያልጨረሰ ሰው እዚህ ሲደርስ አይታችኋል?

እውነቱን ልንገራችሁ? አላውቅም ነበር። ነጭ መስመር ካላት መንገደኛ እላለሁ። መስመር ከሌላት ሰው ሲበተን አብሬ እበተናለሁ። ደመና ሲሆን ደግሞ ያፌን እናገራለሁ። ጥበቡ ይኸው ነው። ማንም ስላልሞተ ሁሉም ልክ ወጣ።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ገብሳችን ደረሰ። ያችው አንድ ጥማድ ተኩል፣ ሌላ የለንም። ቤት ውስጥ የቀረው እህል ጎታው ሥር የሚጫር ነው፤ ለዘር የሚሆነውም ከዚሁ ገብስ ነው የሚወጣው። ይሄ ካልገባ በሬው መሸጡ ነው። በሬ ከሌለ ደግሞ መቀናጆ የለም፣ መሬቱም ምርቱን ለመካፈል ለሌላ ሰው ለእኩል ይሰጣል። እናቴ ይሄን በቀን አራት ጊዜ ትነግረኛለች፤ እኔም አራቱንም ጊዜ "አውቃለሁ እኮ እማ" እላለሁ። ገብስ ደግሞ ከደረሰ በኋላ አይታገስም። ዛላው ይሰበራል፣ ፍሬው ይረግፋል። እኔና እሷ ብቻችንን ብናጭደው ሁለት ሳምንት ይፈጃል፣ ከስሜን በኩል ደግሞ ያለ ወቅቱ ደመና መመላለስ ጀምሯል። የቀረው ደቦ መጥራት ነው።

እናቴ ቤት ለቤት ዞረች። ድሮ ቢሆን፣ "ጠላው ይድረስ እንጂ እኛማ አለን" ነበር መልሱ። አሁን ሰው መሬት መሬቱን እያየ፣ "እታለም፣ ሃያ ሰው አንድ ማሳ ላይ ከላይ ሲታይ ምን እንመስላለን?" ይላታል። ወደ ጎረቤታችን ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ።

"ወንድምዓለም፣ አንተ ከመጣህ ሌላው ይመጣል" አለችው።

"መምጣቱንስ እመጣለሁ። ግን ሰማዩን ማን ያይልናል?"

"ልጄ ያዳምጣል" አለች። እንዴት ኮርታ እንዳለችው! አባቴ በሕይወት ሳለ ስለሱ እንኳ እንዲህ ኮርታ ስትናገር አልሰማሁም።

አርብ ቀን አሥራ ስምንት ሰው መጣ። በኔ ጆሮ ነው የመጣው፤ ይሄንን ስናገር ያን ጊዜ ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ጓሮው አጥር ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ፤ ማሳው ከሥሬ ነው። ሌላው ጎንበስ ብሎ ያጭዳል፣ እኔ እግሬን እያወዛወዝኩ ሰማይ አያለሁ። ጾም ስለሆነ ምሳ የለም፤ ጠላውና ንፍሮው ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። አጨዳው መጀመሪያ ላይ ዝም ያለ ነበር። ከዚያ አውራጁ፣ እሱ ጎረቤታችን ነው፣ ዘፈን ጀመረ። ግን በሹክሹክታ። ተቀባዮቹም በሹክሹክታ ይቀበላሉ። ከላይ ያለችው እንዳትሰማ ብለው ነው! ደቦ በሹክሹክታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሌባ ማኅበር ነው የሚመስለው። እንዲያም ሆኖ ሥራው ይሄድ ነበር። ረፋድ ላይ ከማሳው ሲሶው ወድቋል።

ጎረቤታችን ወገቡን ለማቃናት ቀና አለና አየኝ።

"አንተ ጆሮ! ማጭድ የሚባል ነገር አይተህ ታውቃለህ?"

"አያ፣ አንቱ ይጨዱ። ሁሉም የየራሱ ሙያ አለው" አልኩት።

"ምስኪን እናትህ! ልጅ ወለድኩ ብላ ጆሮ ወልዳ ቀረች!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ያን ቀን መጀመሪያ ድምፅ አውጥተው የሳቁት በኔ ነው። አንዱ፣ "ጆሮውም ቢሆን የታጠበ አይደለም" ብሎ ጨመረበት። እኔ ቀልድ እችላለሁ፤ ቀልድ ሲመለስብኝ ነው የማልችለው። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ቆይ አንተ ባለጭድ ጣሪያ፣ አልኩ በሆዴ።

ትንሽ ቆይቶ በኮሶዬ በኩል አንዲት ብቅ አለች። በጣም ከፍ ብላ፣ ነጭ መስመሯን እየጎተተች፣ የልጅነቴ አይሮፕላን። ጡት የሚጠባ ልጅ እንኳ መንገደኛ መሆኗን ያውቃል። ግን ማጭድ ይዞ ያጎነበሰ ሰው ሰማይ አያይም።

"መጣች! መጣች! ሽሹ!" ብዬ ጮህኩ።

እንደዚያ ዓይነት ሩጫ ዳግመኛ አላይም። አሥራ ስምንት ሰው እንደ ተበተነ ባቄላ ሄደ። ጎረቤታችን ማጭዱን ወርውሮ ወደ ቦዩ ሲዘል ጋቢው የቀጋ እሾህ ላይ ተያዘ፤ ጋቢውን ቢተወው በቃ ነበር፣ እሱ ግን አብሮ ይጎትታል፣ ቀጋው ይጎትታል፣ እሱ ይጎትታል። በሳቅ ከአጥሩ ወደቅሁ። ነጭ ሽንኩርቱ መሀል ተንጋልዬ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ።

ያን ጊዜ ነው እናቴ የመጣችው። ለከሰዓት የሚሆነውን ጠላ ይዛ ከቤት እየወጣች ነበር። እንስራውን ጥላው፣ ጌሾውን ጥሳ፣ ወደ ቦዩ ሳይሆን ወደ እኔ ነው የሮጠችው። ላዬ ላይ ወደቀችና ነጠላዋን ዘርግታ ከነራሴ ሸፈነችኝ። ሙሉ ክብደቷን ጣለችብኝ። እኔ ከሥር ሆኜ እየተንቀጠቀጥኩ ነው፣ በሳቅ። እሷ በፍርሃት መሰላት።

"አይዞህ፣ አይዞህ ልጄ፣ እኔ አለሁ፣ አለሁልህ" ትላለች ጆሮዬ ላይ። ልቧ ሲመታ በደረቴ በኩል ይሰማኛል።

"እማ፣ ቀልድ ነው" አልኳት።

ከላዬ ተነሳች። ነጩን መስመር አየችው። ነጠላዋ ላይ ያለውን አፈር አራገፈች። እንዳትመታኝ ብዬ እጄን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ነበር። አልመታችኝም።

"ገብሱስ?" ብቻ አለች።

ሰዎቹ አንድ በአንድ ከቦዩ፣ ከቀጋው ሥር ወጡ። አንዱ መዳፉን ማጭድ ቆርጦት በጨርቅ ይጠመጥማል። ይስቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ድሮ ይስቁልኝ ነበር። ጎረቤታችን ጋቢውን ይዞ ወደ እኔ መጣ።

"ቀልድ ነበር አያ። መንገደኛ ናት፣ ይኸው መስመሯ" አልኩት።

ሰማዩን አየ። ከዚያ እኔን ብዙ አየኝ። አልጮኸብኝም፤ በጮኸብኝ ይሻል ነበር።

"አሁን መጣች ያልካት መንገደኛ ከሆነች፣" አለ ቀስ ብሎ፣ "እስከ ዛሬ መንገደኛ ናት ያልካቸውስ ምን ነበሩ?"

ሰው ሁሉ እያየኝ ነው፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ንዴት አልነበረም። ልጆቻቸውን ይዘው ለቅሶ የቆሙበትን ቀን፣ በኔ ቃል ተቀምጠው የበሉበትን ቀን ሁሉ እያስታወሱ ነበር። አንድ አንድ እያለ ሰው ማጭዱን መፈለግ ጀመረ።

"በማርያም! ሲሶው እኮ ነው የታጨደው። ጠላው ቢደፋ ሌላ አለኝ፣ በማርያም ይዣችኋለሁ!" አለች እናቴ።

"እታለም፣ ገብስ ሌላ ዓመትም ይበቅላል። እኛ ልጆች አሉን" አላት ጎረቤታችን። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ሌሎቹም ተከተሉት። ሁለት ሁለት ሦስት ሦስት እየሆኑ፣ እየተራራቁ።

ማግስቱ ቅዳሜ ነው፣ ሰንበት። ከዚያ እሑድ። ሰኞ ደግሞ የኅዳር ማርያም። ሦስት ቀን ማጭድ አይነካም። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ማጭዴን ጋቢዬ ሥር ደብቄ ካህኑ ቤት ሄድኩ።

"አባ፣ ዛሬ ብቻዬን ትንሽ ባጭድ ምን አለበት? የሚያየኝ የለም።"

"ሰው ባያይህስ ልጄ?"

"ከላይ የሚያየንማ በዝቷል አባ።"

አልሳቁም። "ስማኝ። በዓል ሽረህ በረዶ ቢወርድ፣ መንደሩ ያንተን ስም ነው የሚጠራ። አንተ ጠራኸው ብለው የሁሉንም እህል ካንተ ይፈልጉታል። ያን ጊዜ እኔም አላስጥልህ። እናትህን አስብላት" አሉኝ።

እናቴን አሰብኩ። ማጭዱን ወደ ቤት መለስኩ። እሑድ ቀኑን ሙሉ ጓሮ ተቀምጬ ገብሱን አየሁት፤ ነፋስ ሲመጣ ሲረግፍ ድምፁ ይሰማል። እሷን ለማጫወት አንድ ሁለት ነገር ሞከርኩ። "ጆሮ የወለድሽ እናት፣ ምን ትሰሚያለሽ?" አልኳት። ጎመን መቀንጠሷን ቀጠለች።

ሰኞ ከቅዳሴ ስንመለስ በስሜን በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። በረዶው የመጣው ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። ብዙ አልቆየም፤ ውኃ ፈልቶ እስኪወርድ ያህል። በረዶ እንደ ሰው ነው፣ መርጦ ነው የሚወርድ፤ የኛን ጉብታና ከሥሩ ያለውን ማሳ ገረፈና ወደ ቆላ ወረደ። የሌላው ሰው እህል አብዛኛው ገብቶ ነበር፣ ያልገባውንም አልነካውም። የኛ ገብስ አንድም የቆመ አልነበረም፤ አርብ የታጨደውም ሳይሰበሰብ ማሳው ላይ እንደተኛ ነበር። ጭቃና ጭድ ተለውሷል፣ ፍሬው ከበረዶው ጋር ነጭ ሆኖ ተበትኗል።

በማግስቱ መንደሩ እንደ ልማዱ በዓል የሻረ ማን ነው ብሎ ጠየቀ። እኔ እንዳልሻርኩ አባ መሰከሩልኝ። በሕይወቴ ንጹሕ ሆኜ የተገኘሁት በዚያ ነገር ብቻ ነው።

እናቴ ጭቃው ውስጥ ተንበርክካ ፍሬ እየለቀመች ነበር። በጾም በጸሎት አንድ ቀን ዛነፍ ብላ የማታውቅ ሴት ናት። ቀና ሳትል፣ "ምነው በሻርክ ኖሮ" አለች። ከዚያ ደንግጣ አማተበች። ስለዚያ ነገር ከዚያ ወዲያ አንስታ አታውቅም።

በሬው ዳባት ገበያ ወጣ። የገዛው ጎረቤታችን ነው፤ አሁን ጥንድ አለው። መሬቱንም ለእኩል ያዘው። ሌላ ሰው ቢይዘው ያበሳጨኝ ነበር፣ እሱ ግን መሬቱን ያውቀዋል። እኔ ደባርቅ መናኸሪያ ሚኒባስ ላይ ዕቃ እጭናለሁ፤ ከሁሉም ጫኝ ፈጣን ነኝ፣ ጠይቁ። ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤት እመጣለሁ፣ በሥራ ቀንም አንዳንዴ። አንድ ነገር ከላይ ሲሰማ የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ሰው ነጭ መስመር ያላትንም ይሸሻል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከየትኛዋም መሸሽ ትቷል። የቱ እንደሚሻል እኔም አልናገር።

ዘንድሮ ገብሱ ከመቼውም በላይ ነው። ጎረቤታችን ደቦ አልጠራም፤ በመንደራችን ከዚያ አርብ ወዲህ ደቦ የጠራ የለም። እሱና ሁለት ወንድሞቹ ሆነው ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። ባለፈው ሐሙስ ከጓሮ ሆኜ ሳያቸው ዛላው በእጃቸው ላይ ይሰበራል፣ ከሚታጨደው የሚረግፈው ይበልጣል። ግማሹ የኛ ነው የሚረግፈው። ማጭድ ይዤ ወረድኩ።

"አያ፣ እኔም ልግባ?" አልኩት። ሳልቀልድ ነው ያልኩት፤ ከኔ አንደበት እንግዳ ነገር ሆኖበት ይሁን ቀና ብሎ አየኝ። መልሶ ሰማዩን አየ። ምንም አልነበረበትም፣ ጥርት ያለ ነው።

"አራት ሰው ይበዛል" አለኝ። ክፋት አልነበረበትም።

ማጭዴን ይዤ ወደ ጓሮ ተመለስኩ። እናቴ ነጭ ሽንኩርቱን እየኮተኮተች ነበር። እሱ ምን አለህ ብላ አልጠየቀችኝም።